የሲስተር ዘይቱና ዘንቢል

የዳባት ሰው ሲስተር ዘይቱናን ጎመን ወዳድ አድርጎ ነው የሚያውቃት። ክረምት ከበጋ ከጤና ጣቢያው በር ስትወጣ በክንዷ ባንጠለጠለችው ዘንቢል አፍ ላይ አንድ እስር ጎመን ጉች ብሎ ይታያል። ከእናቷ ጋር ሁለት ብቻ ሆነው ሲኖሩ ይህን ሁሉ ጎመን ምን ያደርጉታል ብሎ የጠየቃት የለም። እውነቱን ለመናገር ጎመኑ መጋረጃ ነው። ከሥሩ የሕመም ማስታገሻ ጠርሙስ፣ መርፌ የሌለው መለኪያ ሲሪንጅ፣ ፋሻ፣ ጓንትና የሕሙማኑ ስም የሰፈረበት ደብተር አለ።

ሥራዋ ሆስፒታል «ከእንግዲህ ቤታቸው ሆነው ቢያስታምሟቸው ይሻላል» ብሎ የሸኛቸውን ሕሙማን እቤታቸው ድረስ እየሄደች መንከባከብ ነው። ማዳን ባይቻል ሕመሙን ማቅለል ይቻላልና እሱን ታቀላለች። ቁስል ታጥባለች፤ በሽተኛን ሳያሳምሙ እንዴት እንደሚያገላብጡት ታሳያለች፤ እንቅልፍ ያጣች አስታማሚ ካገኘች «እኔ አለሁ፣ አንቺ ጋደም በይ» ብላ ሁለት ሰዓት ያህል አልጋው ሥር ትቀመጣለች። ለቅሶው አልቆ ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላም ትሄዳለች፤ ሰው ከዚያ ቤት የሚጠፋው ያን ጊዜ ነውና። ጎንደር ሄዳ ስትሠለጥን በተሰጣት ወረቀት ላይ ሥራዋ «የማስታገሻ ክብካቤ» ይባላል። ዳባት ግን ስም ለማውጣት ወረቀት አይጠብቅም። «አሰናባቿ» አላት።

ስሙ ቀልድ ቢመስልም በር ያዘጋል። አንድ ቀን ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ በአበባየሁ ደጅ ስታልፍ ሆነ። አበባየሁ ጠላ ሻጭ ናት፤ ከዘይቱና ጋር እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተምረዋል። የዚያን ዕለት የአበባየሁ እናት ጉንፋን ይዟቸው ተኝተው ነበርና አበባየሁ ዘይቱናን ስታይ ብድግ ብላ በሯን ጠረቀመችው። «በስመ አብ! ለጉንፋን እንኳ አሰናባች ይላክብኝ ጀመር?» ስትል ከውስጥ ተሰማ። ዘይቱና መንገድ ላይ ቆማ ሳቀች። ቤቷ ስትገባ ግን አለቀሰች። በማግስቱ ከገበያ ዘንቢል ገዛች።

ይህን ሥራ ያዢ ብሎ ያስገደዳት የለም። አባቷ ሙሐመድአወል የታወቁ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው። በመጨረሻው ወር ሕመሙ ሲያስጮኻቸው ከሕመሙ ይልቅ ጎረቤት መስማቱ ያሳፍራቸው ነበር። ዘይቱና ያኔም ነርስ ነበረች፤ ነርስ ሆና ቆማ ከማየት በቀር ያደረገችው ነገር አልነበረም። አስከሬናቸው ከዚያ ቤት ከወጣ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል። ጩኸታቸው ከጆሮዋ አልወጣም።

ባለፈው ኅዳር የተላከችው ወደ አያ ደስታው ቤት ነበር። አያ ደስታው ጭነኛ ናቸው፤ ከደባርቅ እየተነሡ የፈረንጁንም የአገሬውንም ጓዝ በበቅሎ ጭነው እስከ በየዳ ድረስ ስሜንን ሲወጡና ሲወርዱ አርባ ዓመት ኖረዋል። ጉልበት ሲከዳቸው ከዳባት ወጣ ብሎ ወዳለው የአባታቸው መሬት ተመልሰው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፍቅርአዲስ ጋር ገብስና ባቄላ ማረስ ያዙ። ወገባቸውን ሲያማቸው ድሮ ከበቅሎ በወደቁበት አሳበቡ። ሆስፒታሉ ግን የፕሮስቴት ካንሰር መሆኑንና አጥንታቸው ውስጥ መግባቱን አየ።

ይህን የሰማው አንድ ልጃቸው ትዕዛዙ ብቻ ነው። ትዕዛዙ ደባርቅ ላይ መምህር ነው። ዘይቱና የመጀመሪያ ዕለት ስትመጣ ከቤቱ ቁልቁል ካሉት ባሕር ዛፎች ሥር ጠብቆ አስቆማት።

«ሲስተር፣ አባባ የሚመስለው የበቅሎው አወዳደቅ ነው። እናቴም የምታውቀው እሱኑ ነው። ሐኪሞቹ ያሉትን የማውቀው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እስከ መቼ ብቻህን ትሸከመዋለህ?»

«እስከ መቼም ይሁን። አንቺ ብቻ እንዳትነግሪያቸው። እሱ ከሰማ ተስፋ ቆርጦ ዕለቱን ነው የሚሞት። እሷም ትከተለዋለች። በአላህ ይዤሻለሁ።»

ዘይቱና እንዲህ ያለ ልጅ ስታይ የመጀመሪያዋ አይደለም። በዚያ አገር ክፉ ወሬ እንዲህ በቀላሉ አይነገርም፤ ልጅ ሲሞት እንኳ መርዶው ሽማግሌ ተመርጦለት፣ ሰዓት ተጠብቆለት ነው የሚረዳ። የሥልጠናው ትምህርት «አትዋሹ፣ ግን ደግሞ ያልጠየቀውን ሰው አታስጨንቁ» ይላል። እሷም መሐሉን ያገኘች መስሏት «ካልጠየቁኝ አልናገርም» አለችው። ትዕዛዙ እጇን ስሞ ወደ ደባርቅ ሄደ።

አያ ደስታው የጨዋታ ሰው ሆነው አገኘቻቸው። ዘይቱና የሕመሙን መጠን ለማወቅ የምታሳየው ወረቀት አላት፤ ከሚስቅ ፊት ጀምሮ እስከሚያለቅስ ፊት ስድስት ክብ ፊቶች ተስለውበታል። ሽማግሌው ወረቀቱን አቅርበው አርቀው አዩት።

«ይኼ ዳር ያለው ምን አግኝቶ ነው የሚገለፍጠው?»

«ሕመም የሌለበት ሰው ነው፣ አያ ደስታው። እርስዎ የትኛውን ይመስላሉ?»

«ኧረ እኔ አንዱንም አልመስል! ጺም እንኳ የላቸውም። በመንገድ ልንገርሽ። ከዚህ እስከ ወቀን ያለው ሜዳ ነው፤ በቅሎውም እኔም እያዜምን የምንሄደው። ሊማሊሞ ደግሞ አለ። በዝናብ፣ በቅሎ ጭነሽ፣ ቁልቁል። ከሊማሊሞ የባሰ አላውቅም።»

«ዛሬ የት ነዎት?»

ሽማግሌው ወደ ሚስታቸው ዘወር አሉ። ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ባቄላ እየለቀሙ ጆሯቸውን አቁመዋል። «ሜዳ ነው» አሉ አያ ደስታው፤ ከዚያም እየሳቁ «አላህ ይስጥሽ» ብለው መረቋት።

ዘይቱና ሳቃቸውን አላመነችውም። የሞርፊኑን ጠርሙስ ለወይዘሮ ፍቅርአዲስ ሰጥታ፣ በሲሪንጁ ልካ አሳይታ፣ በየአራት ሰዓቱ ሳያቋርጡ እንዲሰጡ ነገረቻቸው። ሕመሙ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ቀድሞ ነው የሚያዝ። ሴትዮዋ ጎበዝ ናቸው፤ አንዴ አይተው ያዙት። ያ አንድ ጠርሙስ ሁለት ሳምንት ያደርሳል። በሁለት ሳምንቱ ሌላ አመጣች፤ እንደገና በሁለት ሳምንቱ ሦስተኛውን። በሕጉ ባዶውን ሳትቀበል ሙሉውን መስጠት አልነበረባትም። ወይዘሮ ፍቅርአዲስ አንድ ጊዜ «ተሰበረብኝ» አሉ፤ አንድ ጊዜ «የት እንዳኖርኩት ጠፋኝ»። ዘይቱና ሌላ አምስት ቤት የሚጠብቃት ሴት ናትና አልተከራከረችም።

እየመጣች በጠየቀች ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ ሜዳ ነው። ጉንጫቸው ግን ይጎድላል፤ ግንባራቸው ላብ ያቸፈችፋል። ከሆስፒታሉ በስልክ ብትጠይቅ «መጠኑን ጨምሪ» አሏት፤ ጨመረች። ያም ለውጥ አላመጣም። መድኃኒቱ ይሆን የተበላሸው ብላ ሁሉ ጠረጠረች።

በአምስተኛው ሳምንት ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ውኃ ሊቀዱ እንደወጡ አያ ደስታው ቀስ ብለው ጠሯት።

«ሲስተር፣ እኔ ጭነኛ ነኝ። ጭነኛ ሳይነሣ በፊት የሚጠይቀው ነገር አለ። መንገዱ መመለሻ አለው ወይ ይላል። መመለሻ ካለው ስንቁን እኩል ለእኩል ይከፍላል፤ ግማሹን ለመሄጃ፣ ግማሹን ለመምጫ። የኔ መንገድ መመለሻ አለው?»

ይኸው ጠየቋት። «ካልጠየቁኝ» ያለችው ቃል ከዚህ ወዲያ አይሸሽጋትም ነበር። ዘይቱና ግን የትዕዛዙ ፊት ትዝ አላትና ዘንቢሏን አነሣች።

«እግዚአብሔር ነው የሚያውቅ፣ አያ ደስታው።»

«እሱስ ያውቃል» አሉ ሽማግሌው፤ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው መለሱ።

ዘይቱና ያን ሳምንት ምግብ አልጣማትም። የአባቷን ሕመም ማስታገስ አልቻለችም ነበር፤ ያኔ መድኃኒቱ አልነበረም። አሁን መድኃኒቱ አለ፤ የጠፋው እሷ የያዘችው አንድ ቃል ነው። እናቷ «ምን ሆነሽ ነው?» ቢሏት «ሥራ ነው» አለች።

በስድስተኛው ሳምንት የጎንደር መንገድ ተዘጋ። መድኃኒት አልመጣም። ዘይቱና የቀረውን ልትለካ ወደ አያ ደስታው ቤት ወጣች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ተኝተዋል። ጋቢውን አስተካክላ ልታለብሳቸው ጥለቱን ስትይዘው እጇን አራሳት። አየችው። ጥለቱ ከዳር እስከ ዳር ተነክሷል፤ ክሩ ተበጣጥሶ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኗል። ውሻ የቦጨቀው እንጂ ሰው የነከሰው አይመስልም።

«እትዬ ፍቅርአዲስ፣ እስኪ ጠርሙሱን ያምጡልኝ።»

«ምነው? አለ እኮ።»

«አውቃለሁ። መንገዱ ስለተዘጋ ልለካው ነው።»

ሴትዮዋ ተርበተበቱ። ከአንገታቸው ቁልፍ አውጥተው ለዘር ያስቀመጡት ባቄላ ያለበትን ሣጥን ከፈቱ። ከባቄላው ሥር በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ፈትተው መሬት ላይ ደረደሩት። ሦስት ጠርሙስ ነው። የመጀመሪያው እኩሌታው አለ። ሁለቱ ክዳናቸው እንኳ አልተነካም።

ዘይቱና አንዱን አንሥታ ወደ ብርሃን አየችው።

«ለክፉ ቀን ብዬ ነው» አሉ ወይዘሮ ፍቅርአዲስ። «መንገዱ እንደሆነ ዛሬ ክፍት ነው፣ ነገ ዝግ ነው። አንቺ የቀረሽ እንደሆነ ምን ልሰጠው ነው? ጠዋት ጠዋት አንድ ጊዜ አቀምሰዋለሁ። እሱም ሜዳ ነው ይለኛል። ምነው፣ አጠፋሁ?»

የዘይቱናን ደረት የሞላው ንዴት ነበር፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን እዚያው ቆማ ለየችው። ይህች ሴት ገብሱን ከጥር እስከ ኅዳር አብቃቅታ ቤት ያቆመች ናት። ዘር ሳይነካ፣ ሹሮ ሳያልቅ፣ ልጅ ያስተማረች ናት። ባሏ ነገ ተነሥቶ የሚያርስ መስሏት ነው የቆጠበችው። ለሚድን ሰው ነው የሚቆጠብ። የማይድን መሆኑን ማን ነገራት?

«እትዬ ፍቅርአዲስ» አለች ዘይቱና፣ «ክፉው ቀን መጥቷል። እዚህ ቤት ከገባ ወር አልፎታል።»

ሴትዮዋ ጠርሙሶቹን እያዩ ቀሩ። ዘይቱና ወደ አልጋው ዞረች። አያ ደስታው ዓይናቸውን ገልጠዋል። ጎንበስ ብላ እጃቸውን ያዘች።

«አያ ደስታው፣ ያን ቀን የጠየቁኝን ሳልመልስ ሸሽቼ ሄጃለሁ። አፉ ይበሉኝ። መንገዱ መመለሻ የለውም።»

ከውጭ የበግ ድምፅ ይሰማል።

«ሩቅ ነው?»

«ሩቅ አይመስለኝም። ሳምንታት ነው። ግን ሊማሊሞን በእግርዎ አይወርዱትም። እሱን ለኔ ይተዉት።»

በአያ ደስታው ፊት ላይ ከሐዘን ይልቅ ዕረፍት ታየ። ባለቤታቸውን ፈለጉና አዩዋቸው። «ሰምተሻል ፍቅሬ? ለመምጫ የሚቀር ስንቅ የለም። በይ አውጪው።»

ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ያን ጊዜ አለቀሱ። አልቅሰው ሲያበቁ መድኃኒቱን በሲሪንጁ ራሳቸው ቀዱ፤ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። በሦስተኛው ቀን ዘይቱና ስትመጣ አያ ደስታው ተደግፈው ተቀምጠው አጥሚት ሲጠጡ አገኘቻቸው። የት እንዳሉ ሳትጠይቃቸው «ወቀን ገብቻለሁ» አሏት።

ትዕዛዙ ሰምቶ ከደባርቅ መጣ። ዘይቱናን እዚያው ባሕር ዛፍ ሥር አገኛት፤ ፊቱ ቀልቷል።

«ቃል ገብተሽልኝ ነበር!»

«ካልጠየቁኝ ነው ያልኩህ። ጠየቁኝ። በጠየቁኝ ዕለት ብመልስላቸው ኖሮ ሳምንት ከስቃይ ይተርፉ ነበር፤ እሱን ብትቆጣኝ አጥፍቻለሁ። ግባና ጋቢያቸውን እይ።»

ገባ። አባትና ልጅ ምን እንደተባባሉ ዘይቱና አልሰማችም። ሲወጣ ጋቢውን ተሸክሞ ነበር፤ ጥለቱን በጣቱ እየዳሰሰ ወደ ወንዝ ወረደና አጥቦት ተመለሰ።

አያ ደስታው ሳምንታቱን ምን እንደሚያደርጉባቸው ያውቁ ነበር። እሳቸውና ወይዘሮ ፍቅርአዲስ በሰማንያ ከተጋቡ አርባ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ልጅ ይደግና እንቆርባለን ይሉ ነበር፤ ልጁ አደገ። ከርሞ አሉ፤ ከርሞም አለፈ። አሁን ከርሞ የሚባል ነገር የለም። አብረው ሥጋ ወደሙን ተቀብለው፣ እሳቸውም ለሚስታቸው፣ ሚስታቸውም ለሳቸው ብቻ ሆነው መለየት ፈለጉ።

የነፍስ አባታቸው ቄስ መልከ ጼዴቅ ወር ሙሉ በደጃቸው እያለፉ አልገቡም ነበር። ለካ ትዕዛዙ እሳቸውንም ለምኗቸው ኖሯል፤ ነፍስ አባት ያለ ቀኑ ከገባ በሽተኛው ይደነግጣል ብሎ። ቄሱ ይህን ሲናገሩ አፈሩ። ገብተው ንስሐ አስገቧቸው፣ ኑዛዜያቸውን ሰሙ፣ ቀኑንም ለእሑድ ቆረጡ። ዘይቱናን ያስጨነቃት የጾሙ ነገር ነበር። ከቁርባን በፊት ያን ያህል ሰዓት ምንም ካልቀመሱ መድኃኒቱ ይቋረጣል፤ ከተቋረጠ ሊማሊሞ ነው። ቄሱን ከደጅ አግኝታ ነገረቻቸው። እስላም ሆና ስለ ቁርባን መጠየቋ አሳቅቋት አንገቷን ደፍታ ነበር።

«የጾሙን ነገር ለኔ ተይው» አሏት ቄስ መልከ ጼዴቅ። «ለድውይ የሚፈታውን የምፈታ እኔ ነኝ፤ ሸክሙም የኔ ነው። አንቺ ሕመሙን ያዥልኝ። ልጄ፣ የኔን ሥራ ያስጀመርሽኝ አንቺ ነሽ።»

እሑድ ጠዋት አያ ደስታውን በቃሬዛ ይዘዋቸው ወጡ። የፊቱን ወገን የያዘው ትዕዛዙ ነው። ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ነጭ ለብሰው ከጎን ይሄዳሉ፤ እጃቸው ከባላቸው እጅ ሳይለይ። ዘይቱና ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ወይራው ሥር ተቀምጣ ቅዳሴው እስኪያልቅ ጠበቀች። ሲወጡ ተሸካሚዎቹ አጠገቧ ሲደርሱ ቆሙላት። አያ ደስታው ቀና ለማለት ሞከሩ።

«ሜዳ ነው፣ ሲስተር» አሉ። የጋቢውን ጥለት አየችው። ደረቅ ነው። ዘይቱና ሰው ሁሉ እያየ አለቀሰች፤ አላፈረችም።

ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ቀን ቆዩ። ሲነጋ የበቅሎ ጭነት በጠፍር እንዴት እንደሚታሰር ለትዕዛዙ ሲያስተምሩ፣ ከሰዓት ከሚስታቸው ጋር ስለ ድሮ መንገድ ሲጨዋወቱ፣ ሲደክማቸውም ሲተኙ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ወይዘሮ ፍቅርአዲስ የስምንት ሰዓቱን መድኃኒት ሊሰጡ ሲነሡ የባላቸው ትንፋሽ ዝግ ብሎ አገኙት። አልጮሁም። እጃቸውን ይዘው እስኪያበቃ ድረስ ተቀመጡ፤ ጎረቤት የጠሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ዘይቱና ቀብሩ ላይ ነበረች፤ በሳልስቱም ሄደች፤ ድንኳኑ ከተነሣም በኋላ ሁለት ጊዜ። አርባው በወጣ በሳምንቱ ግን ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ራሳቸው ጥቁራቸውን እንደለበሱ ዘይቱና ቤት መጡ። ከነጠላቸው ሥር ያን ነጭ ጨርቅ አውጥተው ፈቱት። ሁለቱ ጠርሙሶች ባዶ ናቸው፤ ታጥበው ደርቀዋል። ሦስተኛው እንደታሸገ ነው።

«ይችን አልደረሰባትም» አሉ። «የስንት ቀን ናት?»

ዘይቱና ልትዋሽ ፈለገች። «ያኔ ባዘዝኩት ልክ፣ የሁለት ሳምንት።»

«ሁለት ሳምንት ጋቢ አስነክሼዋለሁ።»

«እርስዎ አይደሉም። እኔ ከመጀመሪያው ዕለት አውቅ ነበር፣ እትዬ ፍቅርአዲስ። እያወቅሁ ነው ጠርሙስ ብቻ ሰጥቼዎት የሄድኩ።»

«ትዕዛዙ ነግሮኛል። ቂም አልያዝኩብሽም። ሃያ ሦስት ቀን ሜዳ ላይ አኑረሽልኛል፤ በሃያ ሦስቱ ቀን ያወራነውን በአርባ አንድ ዓመት አላወራነውም።» ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ይዘው አቀበሏት። «ይችን ለሌላ ሰው ስጪልኝ። ስትሰጪ ግን ለሚስቲቱ ንገሪያት።»

የተመለሰ መድኃኒት ለሌላ እንደማይሰጥ ሕጉ ያዛል። ዘይቱና ይህን አልተናገረችም። ጠርሙሱን ተቀብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

በማግስቱ አዲስ በሽተኛ ነበራት፤ ወቀን አጠገብ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ። ልጃቸው አስቀድሞ ደውሎ «መንገድ ላይ ላግኝሽ፣ የምነግርሽ አለ» ብሏታል። ምን ሊላት እንደሆነ ታውቃለች፤ ምን እንደምትመልስለትም። መንገዱ በአበባየሁ ደጅ በኩል ነው። ዘይቱና ዘንቢሉን ከነጎመኑ ለእናቷ ትታ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ ወጣች።